ጄኔሬተሩ ሳይጠፋ እንዲያድር፦ ከውጭ ታንክ ጋር የምንሠራቸው ስህተቶች

የምኖረው ሂውስተን ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታን ከ2 ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት መብራት ጠፋበት። እኛ ሰፈር ቶሎ አልመጣም። እናቴ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ስለዚህ ፍሪጁ መጥፋት አልነበረበትም።

ያለን ጄኔሬተር ሆንዳ ኢዩ2200አይ ነው። የራሱ ታንክ የሚይዘው 3.6 ሊትር ብቻ ነው። በሙሉ ጭነት 3 ሰዓት ገደማ፣ በሩብ ጭነት ደግሞ 8 ሰዓት ገደማ ይሠራል። 6 ጋሎን፣ ማለትም 23 ሊትር ያህል የሚይዝ የጀልባ ነዳጅ ታንክ በቱቦ ሲቀጠልለት ግን በቀላል ጭነት ከ50 ሰዓት በላይ ይሄዳል። እኔም ቀጠልኩለትና ተኛሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጸጥ አለ። ወጥቼ ሳይ የውጭው ታንክ ቤንዚን አለው፣ የጄኔሬተሩ ባዶ ነው።

አየር የሚያስገባ ክዳን

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነበር። የውጭው ታንክ ነዳጁን ራሱ አይገፋም። ጄኔሬተሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ፓምፕ ከዋናው ታንክ፣ ማለትም ከጄኔሬተሩ ከራሱ ታንክ ቤንዚን ትስባለች። የዚህ ታንክ ክዳን ድፍን ከሆነ የጎደለውን ቦታ አየር ሊሞላው አይችልም። ያኔ ከውጭው ታንክ ቤንዚን በቱቦው እየተሳበ ይገባል። ልክ በስትሮ ለስላሳ እንደመጠጣት ነው፤ ስትሮው ቀዳዳ ካለው የምትስቡት አየር ነው። እኔ የጄኔሬተሩን የራሱን ክዳን በስቼ ቱቦ ገጥሜበት ነበር። የክዳኑ አየር መተንፈሻ ግን እንዳለ ስለነበር በቤንዚን ፋንታ አየር ገባ።

ክዳን አትብሱ። ለሞዴሉ ተብሎ የተሠራውን፣ ጎማ ያለውንና መተንፈሻ የሌለውን ግዙ። ከመነሳቱ በፊት ዋናውን ታንክ አፉ ድረስ ሙሉት። ቱቦው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ደግሞ ቤንዚኑ ጄኔሬተሩ ጋ እስኪደርስ ጨምቋት። ሙከራውን ቀን ላይ አድርጉት። ሁለት ሰዓት አሠርታችሁ አጥፉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ክዳኑን ክፈቱ። ዋናው ታንክ አሁንም ሙሉ ከሆነ አየር አያስገባም ማለት ነው። ጎድሎ ካገኛችሁት የሆነ ቦታ እየተነፈሰ ነው።

ፓምፕ የሌለው ጄኔሬተር

ታንካቸው አናታቸው ላይ የሆነ፣ በብረት ቱቦ የታቀፉ ርካሽ ጄኔሬተሮች ብዙዎቹ ፓምፕ የላቸውም። ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ካርቦራተሩ፣ ማለትም ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቀሉበት ክፍል ይወርዳል። እነዚህ መሬት ላይ ከተቀመጠ ታንክ ስበው ማምጣት አይችሉም። ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ይህንን አጣሩ።

ታንኩን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ

"ወደ ታች ሲወርድ ይቀለዋል" ብሎ ታንኩን ወንበር ላይ የሚሰቅል ሰው አለ። ይህ አደገኛ ነው። ከላይ የሚመጣው ቤንዚን ሞተሩ ቢጠፋም መግፋቱን አያቆምም። በክዳኑ ሊፈስ ይችላል። ካርቦራተሩን አልፎ ከሞተር ዘይቱ ጋር ሊቀላቀልም ይችላል። የዘይቱ መጠን ጨምሮ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተታችሁ አታስነሱት፤ ዘይቱ መቀየር አለበት። ታንኩ ከጄኔሬተሩ ጋር እኩል ወይም ዝቅ ብሎ፣ ከጭስ ማውጫው በተቃራኒ በኩል ይቀመጥ።

ያገኙትን ቱቦ መጠቀም

የውሃ ቱቦ ቤንዚን አይችልም። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ለነዳጅ የተሠራ ቱቦ ግዙ፣ በሁለቱም ጫፍ በፋሸታ አጥብቁት። ሰው የሚረግጠው ቦታ ላይም አትዘርጉት።

የውጭውን ታንክ መተንፈሻ መርሳት

ዋናው ክዳን ድፍን ይሁን ብለናል። የውጭው ታንክ ግን ሲሠራ መተንፈስ አለበት፣ አለበለዚያ ቤንዚኑ አይመጣም። የታንኩ ጎን ወደ ውስጥ ከተጨማደደ ምክንያቱ ይኸው ነው። በተቃራኒው ደግሞ መተንፈሻው ተዘግቶ ፀሐይ ላይ ከዋለ ውስጡ ግፊት ይፈጠርና ነዳጁን በኃይል ይገፋዋል። ሲሠራ ክፍት፣ ስታጓጉዙት ዝግ፣ ሁልጊዜም ጥላ ውስጥ።

ዘይቱን አለማየት

ስለዚህ ብዙም ሲወራ አልሰማም። ትንሿ ታንክ ሳናስበው ትጠቅመን ነበር። በየጥቂት ሰዓቱ ታስቆመናለች፣ ስንሞላ ዘይቱንም እናያለን። ትልቁ ታንክ ያንን እረፍት ይወስድብናል። እንደ እኛ ያለው ጄኔሬተር አዲስ ሲሆን የመጀመሪያ ዘይቱ የሚቀየረው 20 ሰዓት ከሠራ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ በየ100 ሰዓቱ ነው። ቀንና ሌሊት ከሠራ 20 ሰዓት አንድ ቀን እንኳን አይሞላም፤ 100 ሰዓት ደግሞ ከአራት ቀን ትንሽ ቢያልፍ ነው። የያዘው ዘይት ደግሞ ግማሽ ሊትር አይሞላም። እኔ አሁን ጠዋትና ማታ አጠፋዋለሁ፣ ዘይቱን አያለሁ፣ ያስነሳሁበትን ሰዓት ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ፍሪጁ ካልተከፈተ ለግማሽ ሰዓት ምንም አይሆንም።

እየሠራ መሙላት

ታንኩ ራቅ ስላለ ብቻ ሞተሩን ሳያጠፉ የሚሞሉ አሉ። የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ የጋለ ብረት ሲያገኝ ይያያዛል። አጥፉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ሙሉ።

ለሊት ሲሆን ወደ ቤት ማስጠጋት

ሌባ ይፈራል፣ ዝናብ ይፈራል፣ ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ይገባል። በራሱ ታንክ ብቻ ቢሆን ነዳጁ ያልቅና ይጠፋ ነበር። አሁን ሁሉም ተኝቶ እያለ እስኪነጋ ይሠራል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። እ.ኤ.አ. የካቲት 2021 ቴክሳስ በብርድ ተመትታ መብራት ሲጠፋ እዚሁ ሂውስተን የአገራችን ሰዎች በዚህ ጋዝ ሞተዋል። ያኔ ጋራዥ ውስጥ የተነሳው መኪና ነበር እንጂ ጄኔሬተር አልነበረም። ጋዙ ግን ያው ነው። የጋራዡ በር ክፍት ቢሆንም አይበቃም። ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ፣ 6 ሜትር ያህል አርቁት። ጭስ ማውጫው ከመስኮትና ከበር ፊቱን ያዙር። ሌባ ከፈራችሁ በሰንሰለት እሰሩት። መኝታ ቤት አጠገብ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ ይኑር፤ ግድግዳው ላይ በሚሰካው ብቻ አትተማመኑ፣ መብራት ሲጠፋ እሱም ሊጠፋ ይችላል።