«ዕቃው አልመጣም» እስኪሰለቸኝ ሰማሁ፤ በመጨረሻ እንዲህ ተፈታ

የመኪናዬን የጋቢና ኤርባግ አምራቹ በነጻ ሊቀይር ጠርቶ ነበር። ጋራዡ ግን በደወልኩ ቁጥር «ዕቃው አልመጣም» ይለኛል። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ውስጡ ያለው፣ በግጭት ጊዜ ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል (አሞኒየም ናይትሬት) ዓመታት በፈጀ ሙቀትና እርጥበት ይበላሻል፤ ያኔ ኤርባጉ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ሊረጭ ይችላል። ስለዚህ ጋቢና ሰው ማስቀመጥ አቆምኩ።

የሠራልኝ መደወል ሳይሆን መጻፍ ነው። 17 ፊደልና አሃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር፣ የጥሪ ደብዳቤውንና የደወልኩባቸውን ቀናት ለአምራቹ ደንበኞች አገልግሎት ላክሁ። የጉዳይ መከታተያ ቁጥር ሰጡኝ። ለካስ ጋራዡ በእኔ ሻንሲ ዕቃውን ጭራሽ አላዘዘም! (ያን ሁሉ ወር ምን ስጠብቅ ነበር?) በዚያው የመከታተያ ቁጥር ሌላ የአምራቹ ወኪል ጋር ቀጠሮ ያዝኩ። ዕቃው መጣ፣ ተቀየረ፤ አምስት ሳንቲም አልከፈልኩም። መቀየሩን የሚገልጸውን ወረቀት ተቀብዬ ወጣሁ።