ለድምፅ መከላከያ ግንብ በጀት ከመመደቡ በፊት

በፈጣን መንገድ ዳር የሚኖሩ ሰዎች የመኪናው ጩኸት እንቅልፍ እንደነሳቸው ገልጸው የድምፅ መከላከያ ግንብ እንዲሠራላቸው ሲጠይቁ፣ የከተማው ምክር ቤት ከሁሉ አስቀድሞ ለየትኛውም ሰፈር እኩል የሚያገለግል መስፈርት በጽሑፍ ማውጣት ይኖርበታል። መስፈርቱ ከአቤቱታው በኋላ ከወጣ በአመልካቹ ሰፈር ልክ መሰፋቱ አይቀርም፤ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ሰፈር ሲመጣም ምክር ቤቱ የሚሰጠው መልስ ያጣል።

በመስፈርቱ ውስጥ በመጀመሪያ የሚገባው የጩኸቱ መጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ፣ ለምሽትና ለሌሊት የበለጠ ክብደት ሰጥቶ የሚሰላው የትራፊክ ድምፅ አማካይ ከ53 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ)፣ የሌሊቱ ብቻ ደግሞ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። ይህ የጤና ግብ ነው፤ በጀት ለማስመደብ መነሻ ቢደረግ ግን በትልልቅ መንገዶች ዳር ያለውን ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል ባለመብት ያደርጋል። የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ በበኩሉ፣ በመኖሪያ ቤቶች ደጅ የሚለካው የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ 67 ዴሲቤል ሲጠጋ ወይም ሲያልፍ መፍትሔው እንዲጠና ያዛል። ስሌቶቹ የተለያዩ ስለሆኑ ቁጥሮቹን በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። ከተማው ገደቡን የት ላይ እንደሚያቆም መወሰን ግን የተመራጮች ኃላፊነት እንጂ ለአማካሪ መሐንዲስ የሚተው አይደለም። ልኬቱን ገለልተኛ ባለሙያ ይሥራው፤ መኪኖች በመጨናነቅ ሲያዘግሙ ድምፃቸው ስለሚቀንስም፣ ትራፊኩ በርከት ብሎ በፍጥነት የሚያልፍበት ሰዓት ይመረጥ።

ቀጥሎ ግንቡ ምን ያህል እንደሚጠቅም መታወቅ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ በግንቡ አናት ላይ ታጥፎ ስለሚያልፍ ጩኸቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ግንቡ መኪኖቹን ከቤቱ እይታ ለመከለል ያህል ከፍ ሲል 5 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ ሜትር ቁመት 1.5 ዴሲቤል ያህል ይታከላል። የ10 ዴሲቤል ቅናሽ ለጆሮ ጩኸቱ በግማሽ የወረደ ያህል ነው፤ ከዚያ ማለፍ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ከመንገዱ 60 ሜትር ገደማ ድረስ ባሉ ቤቶች ሲሆን፣ ከግንቡ አናት በላይ ያሉ የፎቅ መኖሪያዎችና ጉብታ ላይ የተሠሩ ቤቶች ምንም ላያገኙ ይችላሉ። ለመግቢያ ተብሎ የሚተው ክፍተት ሥራውን ያበላሸዋል። ድምፁ በጫፎቹ ዞሮ እንዳይገባም ግንቡ ከመጨረሻው ቤት አልፎ፣ በዚያ ቤትና በግንቡ መካከል ያለውን ርቀት አራት እጥፍ ያህል መርዘም ይኖርበታል። ነዋሪዎቹ ምርጫቸውን ከመግለጻቸው በፊት ይህ በግልጽ ይነገራቸው፤ ጸጥታ የጠበቀ ሰው ቅናሽ ሲያገኝ እንደተታለለ ይቆጥራልና።

ወጪው የሚመዘነው በግንቡ ርዝመት ሳይሆን በተጠቃሚው ቤተሰብ ቁጥር ነው። ቢያንስ የ5 ዴሲቤል ቅናሽ የሚያገኙ ቤተሰቦች ይቆጠሩ፤ ተከራዮችም ይካተቱ። ከዚያም የመሠረቱ፣ የጎርፍ ማስወገጃው፣ የውሃ፣ የመብራትና የመሳሰሉት መስመሮች ማዛወሪያውና የወደፊት ጥገናው ተደምሮ ለቁጥራቸው ይካፈል። የአንድ ቤተሰብ ድርሻ አስቀድሞ ከተቀመጠው ጣሪያ ካለፈ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል።

መንገዱ የሌላ መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ በተለይም ሊሰፋ የታቀደ ከሆነ፣ ከተማው የራሱን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ባለቤቱን መጠየቅ አለበት። ቤቶቹ ከመንገዱ በኋላ ተሠርተው እንደሆነም ይጣራ፤ ይሁንና የግንባታ ፈቃዱን የሰጠው ራሱ ከተማው ከሆነ፣ «መንገዱን እያያችሁ ገባችሁ» የሚለው መከራከሪያ ብዙ አያስኬድም።

ግንቡ መስፈርቱን ባያሟላ ሌሎች አማራጮች አሉ። መኪኖች በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ሲጓዙ ከሞተሩ ይልቅ የጎማው ድምፅ ስለሚበረታ፣ ፍጥነትን መገደብና ድምፅ የሚቀንስ አስፋልት ማንጠፍ ይረዳሉ። አንድ ረድፍ ዛፍ መትከል ግን ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይጠቅምም። ከመንገዱ ማዶ፣ በግንቡ ትይዩ ያሉ ነዋሪዎችም አስተያየት ይጠየቁ፤ ድምፅ የማይመጥ ግንብ ጩኸቱን ወደ እነርሱ ሊያንጸባርቅ ይችላል።

ጥያቄው ውድቅ ከተደረገ ለአመልካቾቹ የሚላከው ደብዳቤ የተለካውን ዴሲቤል፣ የተጠቃሚዎቹን ቁጥርና የተሰላውን ወጪ ይዘርዝር፤ ትራፊኩ ምን ያህል ቢጨምር ጉዳዩ እንደገና እንደሚታይም ይግለጽ።