ከጅማ ተነስቶ የሮክ ኮንሰርት መታደም

ጅማ የሚኖር የሮክ ወዳጅ የሚወደውን ባንድ በአካል ለማየት ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ይሆንበታል። ያዋጣል። ጃኖ ባንድን በስልክ መስማትና ድራሙ ደረት ሲመታ እዚያው ቆሞ መስማት ለየቅል ናቸው።

ትኬት። ኮንሰርቱ እንደታወጀ ግዙ። በር ላይ ይዞ ከሚዞር ሰው አትግዙ።

ጉዞ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የግቤን ቁልቁለት ወርዶ ዳገቱን መውጣትም አለ። አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ኮንሰርት የሚገባ ሰው ገና በሁለተኛው ዘፈን እግሩ ይከዳዋል።

ጆሮ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። የመጀመሪያ ኮንሰርቴን ያየሁት ከመድረኩ በስተግራ፣ ከተደረደሩት ስፒከሮች ሥር ቆሜ ነው። ከዚያ የተሻለ ቦታ ያለ አልመሰለኝም ነበር። በማግስቱ ጅማ ስገባ ጆሮዬ ይጮኽ ነበር፤ እናቴ ቡናው ደርሷል ብላ ስትጠራኝ አልሰማኋትም። ጩኸቱ የለቀቀኝ በሦስተኛው ቀን ነው። እኔስ ተረፍኩ፤ የማይለቀው ሰው አለ።

የድምፅ ጉልበት የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ ጆሮ ሳይጎዳ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል። ከዚያ በኋላ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የሮክ ኮንሰርት ብዙ ጊዜ ከዚህም ያልፋል። ጥጥ መጠቅጠቅ ከንቱ ነው። እንጨት መሰንጠቂያ ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚያደርጉትን የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ግዙ፤ ዋጋው ከትኬቱ ጋር አይወዳደርም።

አገባቡን ግን ቤት ተለማመዱ። ስፖንጁን በጣታችሁ እያሽከረከራችሁ አቅጥኑት። በሌላኛው እጅ፣ ከጭንቅላታችሁ በላይ አዙራችሁ፣ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡት፤ የጆሮ ቀዳዳ ጠመዝማዛ ስለሆነ ካልተሳበ አይቀናም። ከዚያ አስገቡትና እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል በጣት ያዙት። ግማሹ ውጭ ከቀረ አልገባም፤ አውጥታችሁ ድገሙ። መጀመሪያ ላይ ሙዚቃው ድፍን ይልባችኋል፣ አታውልቁት። ሁለት ዘፈን ሳያልቅ ትለምዱታላችሁ፤ ቤዙን እንደሆነ ደረታችሁ ይሰማዋል።

ቦታ። የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን ዘርግቶ የተቀመጠበትን ፈልጉና ከፊቱ ቁሙ። ድምፁን የሚያስተካክለው እሱ ባለበት በሚሰማው ልክ ነው። መድረኩ ሥር ፊት ለፊት ከሆናችሁ ድራሙና ጊታሩ ይጎላሉ፣ የዘፋኙ ድምፅ ግን በላያችሁ ያልፋል። እኔ አሁን የምቆመው ሚክሰሩ ፊት ብቻ ነው፤ ለምን ወደፊት አትጠጋም ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው።

አንድ ዘፈን ቅረጹና ስልኩን ኪስ ክተቱት።

የመልስ ጉዞ። ጠዋት አውቶቡስ ላይ ኢርፎን አታድርጉ፤ ጆሮ የሚያገግመው በጸጥታ ነው። ግቤን እስክትሻገሩ የማታውን ዘፈን በሐሳባችሁ መልሱት።