ማንኪያው ውሃ ውስጥ አልወዛወዝ ሲል፦ የብረት ማባበያ ችግርና መፍትሄ

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ሐይቅ ላይ፣ ወይም ከዚያ አለፍ ብሎ አርዲቦ ላይ መንጠቆ የሚጥል ሰው ከውጭ የመጣ ማባበያ (ዓሣን አታሎ የሚያስነክስ የሚያብረቀርቅ ብረት) ፍለጋ መልፋት የለበትም። አሮጌ የሾርባ ማንኪያ፣ ሰጌቶ (የብረት መጋዝ)፣ ሞረድና ሞርሳ (ብረት ጨብጦ የሚይዝ መሣሪያ) ካለው ቤቱ ይሠራዋል። አስቀድመን አንድ ነገር እንግባባ፤ የምንሠራው ለአምባዛ ነው። አምባዛ ሌላ ዓሣ አሳዶ ይበላል። ቆሮሶ ግን ዋና ምግቡ አልጌ ስለሆነ ለሚያብረቀርቅ ብረት ደንታ የለውም። "ቆሮሶ አልነክስ አለኝ" የሚል ሰው ማንኪያውን ትቶ ትንሽ መንጠቆ ላይ ትል ይስካ።

ሲጎተት ቀጥ ብሎ ይመጣል

አብዛኛው ሰው "አላብረቀረቀም" ብሎ ሲወለውል ይውላል። ችግሩ ግን ቅርጹ ነው። ከላሜራ ወይም ከማንኪያ እጀታ የተቆረጠ ብረት ጠፍጣፋ ነው፤ ውሃው በሁለቱም ጎን እኩል ያልፍና የሚገፋው ነገር ያጣል። እንጨት ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ፈልፍሉ፤ የብረቱን የኋላ ግማሽ እዚያ ላይ አስተኝታችሁ ጫፉ ክብ በሆነ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ቀጥቅጡ። ከዚያ የፊቱን ጫፍ በፒንሳ በተቃራኒው አቅጣጫ በጥቂቱ ቀልብሱት። ሐይቅ ድረስ መሄድ ሳያስፈልግ በርሜል ውስጥ ሞክሩት። አንድ ክንድ ክር ዱላ ላይ አስራችሁ በዝግታ ስትጎትቱት ግራና ቀኝ መወዛወዝ አለበት።

ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ ክሩም ይጠመዘዛል

ይሄ የተገላቢጦሹ ነው፤ ጉብጠቱ በዝቷል። ትንሽ አቅኑት። ካልተሻለው በክር አንጠልጥሉት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ወይ ቀዳዳው መሃል ላይ አይደለም፣ ወይ አንዱ ጎን ከብዷል። የከበደውን ጎን ሞርዱት። ስዊቭል የሚባለውን ማዞሪያ ከክሩ ጋር ማሰርም ይረዳል፤ የተበላሸ ቅርጽ ግን አያስተካክልም።

ፑንታው (የድሪሉ መብሻ) ይግላል እንጂ አይበሳም

አይዝጌ ማንኪያ ላይ ሁሌ የሚያጋጥም ነው። ድሪሉ ፈጥኖ ሲሽከረከርና እጃችሁ ሲላላ፣ ፑንታው ሳይቆርጥ ይፈትገዋል። የተፈተገ አይዝጌ ደግሞ ይብሱን ይጠነክራል። መጀመሪያ በቡሊኖ (ጫፉ ሹል በሆነ ምልክት ማድረጊያ ብረት) ምልክት ምቱ፤ ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ ፍጥነቱን ቀንሳችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑ። የሚወጣው ብረት ጥምዝምዝ ያለ ከሆነ ፑንታው እየቆረጠ ነው። ዱቄት ከሆነ ፑንታው ደንዟል፤ ቀይሩት። ማንኪያውን በእጅ ይዞ መብሳት የለም፤ ፑንታው ከያዘው አብሮ ይሽከረከርና ጣት ይቆርጣል። ሞርሳው የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ከናስ ስትሠሩ፣ ናሱ ሲቀጠቀጥ ይሰነጠቃል

መዶሻ ሲበዛበት ደርቋል። ከሰል ላይ ጨለም ያለ ቅላት እስኪያሳይ አግሉትና ይቀዝቅዝ፤ ይለሰልሳል። የጠቆረውን በሎሚና በጨው እሹት።

ክሩ ቋጠሮው አጠገብ ይበጠሳል

ክሩን ከመርገማችሁ በፊት ጥጥ በቀዳዳው አሳልፉ። ጥጡ ከያዘ የቀዳዳው ከንፈር ስለት አለው። ወፈር ያለ ፑንታ በእጅ እያዞራችሁ ከሁለቱም ወገን ጥረጉት። ክሩ ብረቱን እንዳይነካ ትንሽ ቀለበት ብታስገቡበት ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

ለክብደት የእርሳስ ብረት አቅልጣችሁ ስታፈሱ ይፈነጥቃል፣ ወይም የተጨማደደ ይወጣል

ፍንጠቃው ከእርጥበት ነው። ጠብታ ውሃ ከቀለጠ እርሳስ ሥር ስትገባ በቅጽበት እንፋሎት ሆና እርሳሱን ፊት ላይ ትረጨዋለች። እርሳሱ የሚፈስበትን ቅርጽ ቀድማችሁ በደንብ አድርቁ፣ አሙቁም። መጨማደዱም የሚመጣው ቅርጹ ሲቀዘቅዝ ነውና በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ከሰል ይበቃዋል። ሥራው ግን ደጅ ነው። ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። ወጥ የሚሠራበት ድስት አይነካም። የመኪና ባትሪ ፈትቶ ማቅለጥማ ጭራሽ አይታሰብ፤ አሲዱም ጭሱም መርዝ ነው።

ቀለሙ ይላጣል

ቅባት ቀርቶበታል። በሳሙና እጠቡት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፣ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀቡት፣ ከዚያ ቀለሙን።

ዓሣው ነክሶ ያመልጣል

የአምባዛ አፍ ጠንካራ ነው፤ የደነዘ መንጠቆ አይገባውም። የመንጠቆውን ጫፍ አውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱት። ጥፍሩን ከያዘ ደህና ነው። ካዳለጠ በቀጭን ሞረድ ወደ ጫፉ አቅጣጫ እየሳባችሁ ሳሉት። ዝገት ከበላው ግን ጣሉትና ሌላ ግዙ።