ሥራ ለመተው ከመወሰን በፊት ስሌቱን ማስፋት

ልጅ ሲወለድ ከወላጆች አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ ሥራ ትታ ቤት እንድትውል የሚወሰነው የሞግዚት ወይም የሕፃናት ማቆያ ክፍያ ከወር ደመወዟ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ይህ ስሌት ጎደሎ ነው። ወጪው የሁለቱም ወላጆች ስለሆነ ከአባትየው ደመወዝም ጋር ሊነጻጸር ይገባል (ይህን የሚሞክር ቤተሰብ ግን ብዙ አላየሁም)። ከዚህም በላይ ሥራ ያቆመ ሰው የሚያጣው የዛሬውን ደመወዝ ብቻ ሳይሆን በእነዚያ ዓመታት ሊያገኝ ይችል የነበረውን የደረጃ ዕድገት፣ የጡረታ መዋጮና ወደ ሥራ ሲመለስ ሊደራደርበት የሚችለውን ልምድ ጭምር ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ክላውዲያ ጎልዲንም በተመሳሳይ ሙያ በተሰማሩ ወንዶችና ሴቶች መካከል የሚታየው የገቢ ልዩነት በአብዛኛው የሚፈጠረው የመጀመሪያው ልጅ ከተወለደ በኋላ መሆኑን አሳይተዋል። የማቆያ ክፍያ በአንጻሩ ልጁ እያደገ ሲሄድ የሚቀንስ ጊዜያዊ ወጪ ነው። ስለዚህ ስሌቱን ለአንድ ወር ሳይሆን ቢያንስ ለ10 ዓመት ይሥሩት፤ ሥራ በመሄድ የሚወጣውን የትራንስፖርትና የምሳ ወጪም አይርሱ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዳችሁ ቤት ለመዋል ከወሰናችሁ፣ ከሚሠራው ወላጅ ገቢ ላይ በየወሩ ተቀንሶ ቤት በዋለው ወላጅ ስም የሚቀመጥ ቁጠባ ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ ይጀመር።