በፕሬዚዳንታዊ ተወዳዳሪ ላይ የሚቀርብ ክስ ፍትሐዊ መሆኑን እንዴት እንመዝናለን?

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በደረሰ ቁጥር ተወዳዳሪዎች አንዱ በሌላው ላይ የሚያቀርቡት ክስ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ዘልቆ ያከራክረናል። የእኛ ርእሰ ብሔር በሁለቱ ምክር ቤቶች ስለሚመረጥ እንዲህ ያለ ዘመቻ በአገራችን ባይካሄድም፣ ክስን መመዘን ለምክር ቤት ዕጩዎችም የሚያስፈልግ ችሎታ ነው።

በመጀመሪያ ክሱን ከስድቡና ከማጀቢያ ሙዚቃው ለይተው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉት፤ ስድቡ ሲወጣ የሚቀር ነገር ከሌለ የሚመዘንም የለም። የሚቀር ካለ፣ የተነቀፈው የሰውየው ሥራ፣ አቋም ወይስ ትውልድና ሃይማኖት መሆኑን ይለዩ።

ክሱ እውነት መሆኑ ብቻውን ፍትሐዊ አያደርገውም። የወሎ አበጋሮች ጠብ ሲያበርዱ የሁለቱንም ወገን ቃል እንደሚያዳምጡ ሁሉ፣ እርስዎም ከሳሹ ሳይናገር የተወውን ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1988 የማሳቹሴትስ ግዛት ገዥ የነበሩት ዴሞክራቱ ማይክል ዱካኪስ ከሪፐብሊካኑ ከአባትየው ጆርጅ ቡሽ ጋር ሲወዳደሩ፣ ቡሽን የሚደግፍ ቡድን ባሠራጨው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ፣ በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት እስረኛ ለአጭር ጊዜ በፈቃድ ከማሳቹሴትስ ወህኒ ወጥቶ ሳይመለስ ሴት መድፈሩና እጮኛዋን በስለት መውጋቱ ተነገረ። ድርጊቱ ተፈጽሟል። ዱካኪስም በ1976 እንዲህ ያሉ ነፍሰ ገዳዮችን ከፈቃዱ የሚያስቀር ሕግ ስላላጸደቁ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አሠራሩ በ1972 በሪፐብሊካኑ ገዥ በፍራንሲስ ሳርጀንት ዘመን እንደተጀመረ፣ ተመሳሳይ ፈቃድ በሌሎች ግዛቶችና በፌዴራሉ ወህኒ ቤቶችም ይሰጥ እንደነበረ፣ ዱካኪስም በዚያው በ1988 ለነፍሰ ገዳዮች እንዲቀር በፊርማቸው እንዳጸደቁ ማስታወቂያው አልተናገረም፤ ይልቁንም የጥቁሩን እስረኛ ፎቶግራፍ በማሳየት የተመልካቹን ፍርሃት ከቆዳ ቀለም ጋር አቆራኘ። በእኔ ሚዛን ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ አቀራረቡ ግን ግፍ ነው። አንድን ክስ በጅምላ ከመቀበልና ከመጣል ይልቅ እንዲህ ከፋፍሎ መፍረድ ይገባል።

ዕድሜና ጤና ሊነሡ የሚገባቸው ሥራውን ከመሥራት አቅም ጋር ሲያያዙ ብቻ ነው።

ሃይማኖት ሲነሣ ግን እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ ማጣራት አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2008 ዴሞክራቱ ተወዳዳሪ ባራክ ኦባማ ሙስሊም ናቸው የሚል ወሬ ሲነዛ፣ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሪፐብሊካኑ ኮሊን ፓወል ኦባማ ክርስቲያን መሆናቸውን ከተናገሩ በኋላ፣ ሙስሊምስ ቢሆኑ ምን ጥፋት አለበት ሲሉ ጠይቀዋል። እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሚገኙበት በወሎ ላደገ ሰው የዚህ ጥያቄ ክብደት ግልጽ ነው፤ ማስተባበል ብቻ፣ ሃይማኖቱን እንደ ነውር የቆጠረውን ሐሜተኛ መንገድ መከተል ይሆናልና።

በመጨረሻም በተከሳሹ ቦታ የሚደግፉትን ተወዳዳሪ ስም አስገብተው ክሱን እንደገና ያንብቡት፤ ፍርድዎ ከተለወጠ ምክንያቱን ይመርምሩ። በቴሌግራም የደረሰዎት ተቆርጦ የወጣ ንግግር ከሆነም ከፊቱና ከኋላው የተባለውን ይስሙ፤ ሙሉውን እስኪያገኙ ድረስ ፍርድዎን ያቆዩ፤ ለሌላ ሰውም አያስተላልፉት።