ከፋይ ስንት ሜትር ይበቃል?

ለእህቴ መልስ ባለአራት ቁራጭ የከፋይ ጉርድ ቀሚስ ልሰፋላት ብዬ አንድ ሜትር ገዛሁ። ጨርቁ እንዲበቃኝ ሁለቱን ቁራጭ ዘቅዝቄ ቆረጥኩ። ለብሳው መስኮት አጠገብ ስትቆም ሁለቱ ደመቁ፣ ሁለቱ ፈዘዙ። የከፋይ ፀጉር በአንድ ጎን ስለሚተኛ ብርሃን ሲያርፍበት ያጋልጣል። ልጨምር ወደ ሱቁ ስመለስ ያ ጥቅል አልቋል፤ የአዲሱ ቀለም ደግሞ ትንሽ ይለያል። እህቴ በዕለቱ ሌላ ልብስ ለበሰች። እስካሁን ይቆጨኛል።

መጀመሪያ ጨርቁን በርዝመቱ በመዳፋችሁ ዳብሱት። የሚለሰልስበት አቅጣጫ ፀጉሩ የተኛበት ነው። እኔ ለቀሚስ ፀጉሩን ወደ ላይ አደርገዋለሁ፤ ቀለሙ ጠለቅ ይላል። ወደ ታች ከሆነ ያብረቀርቃል። የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ሁሉም ቁራጭ ግን አንድ ዓይነት ይሁን።

ከዚያ ልኩን ወስዳችሁ፣ የስፌቱንና የእጥፋቱን ጨምራችሁ ወረቀት ቁረጡ።

ዋናው ስሌት እዚህ ላይ ነው። የጨርቁን ወርድ ሱቁ ውስጥ በሜትር ለኩ፤ በግምት አትመኑ። ቤት ስትገቡ ያንኑ ወርድ ወለል ላይ በፕላስተር አስምሩና ወረቀቶቹን ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ደርድሩ። የእኔን ቀሚስ እንውሰድ። እያንዳንዱ ቁራጭ ቁመቱ 1 ሜትር፣ ከላይ 20፣ ከታች 46 ሴንቲ ሜትር ነው። የጨርቁ ወርድ 150 ነው። እያፈራረቃችሁ ብትዘቀዝቁ አራቱም 145 ላይ ያልቃሉ፤ አንድ ሜትር ይበቃል። በአንድ አቅጣጫ ከሆነ ግን ሦስቱ ብቻ 138 ይይዛሉ። አራተኛው ሌላ ሜትር ይፈልጋል። «ሩብ ጨምሪ» የሚለውን የሰፊዎች ምክር የማልወደው ለዚህ ነው፤ እዚህ ላይ እጥፍ ሆነ!

ወርዱ ጠባብ ሆኖባችሁ ጨርቁን ርዝመቱን ለሁለት አጥፋችሁ በአንዴ ለመቁረጥ እንዳትሞክሩ። የላይኛው ፀጉር ወደ ላይ ከሆነ የታችኛው ወደ ታች ይሆናል። ወይ በወርዱ እጠፉት፣ ወይ አንድ በአንድ ቁረጡ። ከመቁረጣችሁ በፊት ጀርባው ላይ በጠመኔ ቀስት አድርጉ።

አበባው ወይም ወፉ ወደ አንድ ወገን ብቻ ለሚያይ ጨርቅም አደራደሩ ያው ነው። መጋረጃ ከሆነ ግን ሥዕሉ በየስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚደገም ለኩ። በየ32 የሚደገም ከሆነ ለ250 ቁመት 256 ቁጠሩ፤ ስምንት ሙሉ ሥዕል ማለት ነው። አለዚያ ሁለቱ መጋረጃ ጎን ለጎን ሲሰቀል አበቦቹ አይገጥሙም።

ሱቅ ስትሄዱ 10 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፤ ባለሱቁ አጣሞ ሊቆርጥ ይችላል። ሁሉንም ከአንድ ጥቅል፣ በአንድ ቀን ግዙ።